የሚያውቁት ሰይጣን ለማን ይሻላል?

«ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ትለኛለህ? እናትህ በዚህ ተረት ተመርታ ቢሆን ኖሮ አንተ ዛሬ ናታንያ ሹክ፣ ገበያው መካከል ቆመህ ተረት አትተርትልኝም ነበር። እናትህ የምታውቀውን ሰይጣን ከነደጃፉ ጥላው ነው የወጣችው። በሌሊት ወጣች፤ አዝመራው ሳይታጨድ፣ ላሚቱ ሳትሸጥ፣ ለጎረቤት ስንብት ሳይነገር። መንገዱን አታውቀውም። መንገድ መሪው ታማኝ ይሁን ሽፍታ አታውቅም። ሱዳን ስንት ወር እንደምትቀመጥ፣ ከዚያስ ማን መጥቶ እንደሚወስዳት አታውቅም። ያም ሆኖ አንተን በጀርባዋ አዝላ ሄደች። አሁን አንተ፣ አውቶቡሱ በስንት ደቂቃ እንደሚደርስ ስልክህ የሚነግርህ ሰው፣ «ነገሩ ይለይልኝና እወስናለሁ» ትላለህ።

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» የሚለውንም ጨምረው፤ አብሬ ልመልስልህ። አምቦበር ላይ፣ ወለቃ ላይ፣ ኢየሩሳሌምን በዓይኑ ሳያይ እንደናፈቃት የተቀበረ አያት ሞልቷል። ሲግድ በመጣ ቁጥር እየጾመ ተራራ የወጣው፣ ፊቱን ወደ ኢየሩሳሌም አዙሮ የሰገደው ላላየው አገር ነው። ይህን ተረት የተረተው ሌላ ነው። አንተ ቤት ምን ሊያደርግ ገባ?

ስለዚህ የዛሬው ተረብ «ልጠብቅ» ለሚል ሁሉ ነው። ከኪርያት ኖርዳው እስከ ሔፍጺባ፣ ከዶራ እስከ ሹኩ ድረስ ይህን ቃል በየቀኑ እሰማዋለሁ። ከእስራኤል ከተሞች ሁሉ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩት እዚህ ናታንያ ነው፤ ከ10,000 በላይ ነን። በዚህ ሁሉ ሰው መካከል «ልጠብቅ» የሚል ወጣት ሲበዛ ነገሩ የአንድ ሰው ጠባይ ሆኖ አይቀርም፤ የሰፈር ልማድ ይሆናል።

ከተማዋን ራሷን ተመልከታት። በ1929 አሸዋ ላይ ስትቆረቆር ሐሳቡ ብርቱካን ተክሎ ወደ አውሮፓ መሸጥ ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣና የብርቱካን መርከብ ቆመ። የከተማዋ መሥራቾች እነ ኦቬድ ቤን ዓሚ ጦርነቱ እስኪያልቅ ዛፍ ሥር አልተቀመጡም። ከቤልጂየም የሸሹ አልማዝ ቆራጮችን ተቀበሉ፤ በ1940ዎቹ ብርቱካን የለመደው እጅ አልማዝ ጨበጠ። የምትኖርባት ከተማ ያሰበችው ሳይሆን ሲቀር ያላሰበችውን ተምራ ነው ያደገችው።

«ልጠብቅ» ከሚሉት አንዱ ወጣት ዕድሜው ሠላሳ አልሞላም። የኤሌክትሪክ ሙያ ኮርስ ተቀብሎታል፤ ወረቀቱ አራት ቦታ ታጥፎ ኪሱ ውስጥ አለ። ሌሊት ሌሊት ሽሚራ ይሠራል፤ በር ላይ ተቀምጦ የሰው ንብረት ይጠብቃል።

— ተምሬ ሥራ ባላገኝስ?

— ሳትማር ያገኘኸው ሥራ ይኸው ሌሊቱን ሙሉ ወንበር ላይ አስሮህ የለም?

— ፈተናውን ብወድቅስ?

— ትደግመዋለህ። ሳትፈተን የወደቅኸውን ግን የትኛው መምህር ያርምልሃል?

— ጓደኞቼ ምን ይላሉ?

— «ወደቀ» ይሉሃል፣ አንድ ሳምንት። አሁን ምን እንደሚሉህ ታውቃለህ? ስምህንም አያነሱ።

— ዋስትና እኮ የለኝም!

— ለፈረደ አክሉም ማን ዋስ ሆነው?

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ይህ ሰው በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። ፈረደ አክሉም ትግራይ ተወልዶ ያደገ መምህር ነበር። በደርግ ዘመን ሲፈለግ በ1979 ወደ ሱዳን ሸሸ። ካርቱም ውስጥ ዘመድ የለው፣ ገንዘብ የለው፣ የሚያውቀው ሰው የለው። የነበረው እስክሪብቶ ነው። «ወደ እስራኤል መድረስ እፈልጋለሁ፣ እርዱኝ» እያለ ለእርዳታ ድርጅቶች ጻፈ። መልእክቱ እጅ በእጅ ተሻግሮ እስራኤል ደረሰ፤ ሞሳድ ዳኒ ሊሞር የሚባል ሰው ላከ፤ ሊሞርም ካርቱም ድረስ ሄዶ አገኘው። ደብዳቤውን ሲጽፍ ይደርሳል የሚል ማረጋገጫ አልነበረውም። ፖሊስ እጅ ቢወድቅ ምን እንደሚሆን ግን በደንብ ያውቃል። ካገኙት በኋላም «እኔ ተርፌያለሁ፣ ደኅና ሰንብቱ» አላለም። እዚያው ሱዳን ቆይቶ ለወገኖቹ የሚወጡበትን መንገድ አበጀ፤ ወደ አገር ቤትም «በዚህ በኩል ኑ» እያለ ላከ። የእሱን ዱካ ተከትሎ ነው ያ ሁሉ ሺህ ሰው በሱዳን በኩል የወጣው። በ2009 አዲስ አበባ ሳለ አረፈ። ዋስትና ሲጠይቅ ኖሮ ቢሆን ማን ያስታውሰው ነበር?

«ብወድቅስ» ላልከው ደግሞ ሌላ ምስክር ልጥራ። ማሩ ተፈሪ ኢትዮጵያ ተወልዶ በልጅነቱ እዚህ የመጣ የማራቶን ሯጭ ነው። በ2022 ሙኒክ ላይ በአውሮፓ ሻምፒዮና 42 ኪሎ ሜትር ከሮጠ በኋላ ወርቁ በ2 ሰከንድ አመለጠው። 2 ሰከንድ! አንተ ወረቀትህን ከኪስህ የምታወጣበት ጊዜ ከዚያ ይረዝማል። በቀጣዩ ዓመት ቡዳፔስት ላይ ለዓለም ሻምፒዮና ተሰለፈ፤ እዚያም ወርቅ አላገኘም፤ ብር አገኘ። በዓለም ሁለተኛ ሆነ። በሙኒኩ ቂም ቤቱ ቢቀመጥ ቡዳፔስትን ማን ይሮጥለት ነበር?

አሁን ደግሞ በየቤቱ «ልጠብቅ» ወደሚባልበት ፖስታ ልምጣ። ወጣቱን የተናገርኩት ቀላሉ ነው፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ፖስታው ነው።

በየቤታችን የሚገኝ ፖስታ አለ፤ ነጭ፣ ስም የሚታይበት የላስቲክ መስኮት ያለው። ከደብዳቤ ሣጥን ይወጣል፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ይቀመጣል፣ ሌላው ይደረብበታል፣ ከዚያ ሁሉም በፌስታል ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ይገባል። አንባቢው ሲመጣ ይወጣል። አንባቢው ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከትምህርት ቤት ገብቶ ቦርሳውን ሳያወርድ አያቱ ፖስታውን ትዘረጋለታለች። አውራ ጣቱን ከመስመሩ ሥር እያስኬደ ያነባል። ጽሑፉ የመሥሪያ ቤት ዕብራይስጥ ስለሆነ ግማሹ አይገባውም፤ የገባውን ግማሽ ደግሞ በአማርኛ መናገር ያቅተዋል። ውጭ ጓደኞቹ ኳስ ይዘው ስሙን ይጠራሉ።

— ምን ይላል የኔ ልጅ?

— ወረቀት አምጪ ይላል እማማ።

— የምን ወረቀት?

— አላውቅም። ብዙ ቁጥር አለው።

— እስከ መቼ?

— አልፏል።

አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ለአያቱ «አልፏል» ብሎ ሲናገር ፊቱን ልታዩት ይገባል። ያሳለፈው እሱ የሆነ ያህል ነው የሚደነግጠው።

እማማ፣ በአክብሮት ነው የምናገርዎት። ይህ ልጅ አንባቢዎ ነው፤ አንባቢ ሲሆን ደግሞ ጸሐፊዎ ሆነ፣ ጠበቃዎ ሆነ፣ ሐኪም ቤት አስተርጓሚዎ ሆነ። ልጅ የሚሆንበት ሰዓት መቼ ነው? «እኔ በስተርጅና ፊደል ልቁጠር ወይ?» ይሉኛል። እርስዎ እኮ ሱዳን ድረስ በእግርዎ የሄዱ ሰው ነዎት። የዕብራይስጥ ፊደል ጠቅላላው 22 ነው። ያን በረሃ ያቋረጠ ሰው 22 ፊደል ያስፈራዋል? ሁሉንም በአንድ ክረምት ይወቁ አላልኩም። የፖስታውን ላኪ ስምና ቀኑን ብቻ መለየት ይማሩ። ቀኑ ሳያልፍ ሙዓዶን፣ የማኅበረሰቡ ክበብ፣ ወስደው ለአዋቂ ያስነብቡ። ልጁ ኳሱን ይጫወት።

አባትዬውም ከዚህ አያመልጥም። ትምህርት ቤት ለወላጅ ስብሰባ ይጠራል፤ ልጁን ይዞ ይሄዳል፤ መምህሯ በዕብራይስጥ ትናገራለች፤ ልጁ ለአባቱ በአማርኛ ይነግረዋል። መምህሯ ስለ ማን ነው የምትናገረው? ስለዚያው ልጅ! ተከሳሹን አስተርጓሚ የሚያደርግ ፍርድ ቤት የት አገር አለ? ከዚያ አባትዬው «ይህ አገር ልጄን ቀማኝ» እያለ ያማርራል። ጋሼ፣ ልጅዎን አገሩ ከመቀማቱ በፊት እርስዎ ነዎት ቁልፉን ያስረከቡት። ሌላ አስተርጓሚ ይዘው ይሂዱ፤ ከሌለ ትምህርት ቤቱ እንዲያቀርብ ይጠይቁ፤ እምቢ ካለ እስኪያቀርብ ድረስ በሩ ላይ ይቀመጡ። ይህን መጠየቅ ልመና አይደለም።

እዚህ ላይ ግን ባለሥልጣኑ ፈገግ ብሎ «ልክ ነው፣ እኛም የምንለው ይህንኑ ነው፣ እነዚህ ሰዎች ኃላፊነት አይወስዱም» እንዳይለኝ። ክቡርነትዎ፣ ለእርስዎም መልስ አለኝ። ሰዎቹ መርካዝ ቅሊጣ፣ የአዲስ ገቢዎች መቀበያ፣ ሲገቡ የት እንደሚኖሩ የወሰነላቸው ማን ነበር? ልጆቻቸው ወደ የትኛው አዳሪ ትምህርት ቤት እንደሚላኩ የወሰነው ማን ነበር? ስንቱ ሕፃን ነው ከአውሮፕላን እንደወረደ ወላጆቹ ያወጡለት ስም ተነጥቆ አዲስ ስም የተሰጠው? የሰውን ሁሉን ነገር ሲወስኑለት ኖረው በመጨረሻ «ለምንድን ነው የማይወስነው?» ብለው ሊገረሙ አይችሉም። አገር ቤት እኮ አርሶ፣ ቀጥቅጦ፣ ሸምኖ፣ ቤቱን በእጁ ሠርቶ የሚኖር ሕዝብ ነው የመጣው።

ለወገኔም አንድ ነገር ልጨምር። «መንግሥት አመጣን፣ መንግሥት ይያዘን» ለሚል ሰው። በ1991፣ ግንቦት ውስጥ፣ በ36 ሰዓት ገደማ 14,325 ሰው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ እስራኤል ገባ። አንዷ አውሮፕላን ብቻ ከ1,080 በላይ ሰው ጫነች። እውነት ነው፣ ታላቅ ሥራ ነው፤ ማንም አይክደውም። ነገር ግን ያ ሁሉ ሰው ከጎንደር ገጠር አዲስ አበባ ድረስ ማን አመጣው? ከ1990 ጀምሮ መንደሩን ለቅቆ፣ በማያውቀው ከተማ ቤት ተከራይቶ፣ ስንት ቀን እንደሚቆይ ሳያውቅ የእስራኤል ኤምባሲ አጠገብ የጠበቀው ራሱ ነው። ከአዲስ አበባ ያመጣህ አውሮፕላን ነው፤ አውሮፕላኑ ድረስ ያመጣህ ግን እግርህ ነው። ስለ አውሮፕላኑ ልጅህ በትምህርት ቤት ተምሯል። ስለ እግርህ ንገረው።

እሺ፣ አሁን ከባዱ መጣ። «እነሱ ናቸው፣ እኔ ምን ላድርግ? ቆዳዬን አይተው ነው።» ይህን በሚለኝ ወጣት አልቀልድበትም፣ ልቀልድበትም አልፈልግም፤ ውሸት አልተናገረማ። በ1996 የለገስነው ደም ሳይነገረን ሲደፋ እንደነበር ጋዜጣ አወጣው። በ2015 ዩኒፎርም የለበሰ ወታደራችን ሆሎን ውስጥ በፖሊስ ሲደበደብ አገር ሁሉ በቪዲዮ አየው። በ2019 ሰሎሞን ተካ፣ ገና ለጋ ወጣት፣ ከሥራ ውጭ በነበረ ፖሊስ ጥይት ሞተ። የዚህ ኃላፊነት የአድራጊው ነው። አንዲት ነጥብ እንኳ በአንተ ትከሻ ላይ አትቀመጥም። «ኃላፊነት ውሰድ» እያለ በደሉን ከበዳዩ አውርዶ ለተበዳዩ የሚያሸክም ሰው ካጋጠመህ ከእኔ ጋር አትደምረው።

ነገር ግን ጥያቄዬን አልጨረስኩም። ያ ፖሊስ የእሱን ድርሻ ይዟል። የአንተ ድርሻ የት አለ?

የሥነ ልቦና ሰዎች ይህን ነገር መርምረውታል። ጁሊያን ሮተር በ1966 አንድ መለኪያ አወጣ፤ ሰው በሕይወቱ ለሚደርስበት ነገር ምክንያቱን ከራሱ ውስጥ ነው ወይስ ከውጭ ነው የሚፈልገው የሚል። ብዙዎች ከዚያ ተነሥተው «ውጭውን የሚወቅስ ሁሉ ሰነፍ ነው» ወደሚል መደምደሚያ ሮጡ። በ1969 ፓትሪሻ ጉሪንና ባልደረቦቿ ጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎችን ሲያጠኑ ነገሩ እንዲያ አለመሆኑን አገኙ። «በራሴ ሕይወት ላይ እኔ አዝዛለሁ» ማለትና «ሥርዓቱ ያዳላብናል» ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንድ ሰው ሁለቱንም አብሮ ሊያምን ይችላል። እንዲያውም ሥርዓቱን በግልጽ የሚወቅሱት ተማሪዎች ጥቁሮች ወዳልተለመዱበት ሙያ ለመግባትና በጋራ ለመታገል የበለጠ ዝግጁ ነበሩ። ገባህ? ዘረኝነትን ማየት ጉልበት ይሆናል። የሚያደክመው «ስለዚህ እኔ ምንም አላደርግም» የምትለዋ ቅጥያ ናት።

ማስረጃውም እዚሁ ቤታችን አለ። በ1996 ደሙ በተደፋ ጊዜ 10,000 የሚያህል ሰው ኢየሩሳሌም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ወጥቶ ጮኸ። በ2015 ወጣቱ አውራ ጎዳና ላይ ተቀመጠ፤ ከዚያ በኋላ የፓልሞር ኮሚቴ ተቋቁሞ በ2016 ዘረኝነት መኖሩን በመንግሥት ወረቀት ጻፈ፤ በፍትሕ ሚኒስቴርም ይህን የሚከታተል ክፍል ተከፈተ። ነገሩ አልቋል ማለት ነው? የ2019ኙን ነግሬሃለሁ፤ አላለቀም። ነገር ግን ሰልፍ የወጣው ልጅና ቤቱ ተቀምጦ ያለቀሰው ልጅ በደሉ አንድ ነው፤ ማግስቱ ግን አንድ አይደለም። የመጀመሪያው «ቅሬታ ማስገቢያው የት ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

«ዕድለኛ አይደለሁማ!» ያለኸኝ ደግሞ አንተ ነህ፣ ጥግ ላይ ያለኸው። ዕድል ካልክ የናታንያዋን ልጅ ላንሣልህ። ይታይሽ አይናው፣ ቲቲ የምንላት። ጎንደር አካባቢ ተወለደች፤ ሕፃን ሳለች አባቷ ሞተ፣ በኋላ እናቷም ሞተች። ዕድሜዋ 12 ገደማ ሲሆን ከወንድሟ ጋር ናታንያ አያቶቿ ዘንድ መጣች። ዕብራይስጥ አታውቅም ነበር። ይህን ዕድል ትለዋለህ? ተማረች፣ ወታደር ገባች፣ በወታደራዊ ፖሊስ መኮንን ሆነች፣ ከዚያ ሱቅ ውስጥ ሻጭ ሆና ትሠራ ነበር። በ2013 የእስራኤል የቁንጅና ንግሥት ሆና ተመረጠች፤ ኢትዮጵያ ተወልዳ ይህን ዘውድ የጫነች የመጀመሪያዋ። በዚያው ዓመት ኦባማ ሲመጡ ፕሬዚዳንት ሺሞን ፔሬዝ ባዘጋጁት እራት ላይ ተጋበዘች።

— እሷን እኮ ጓደኛዋ ናት ውድድሩ ላይ ያስመዘገበቻት!

— አዎ፣ ስሟን የጻፈችው ጓደኛዋ ናት። መድረኩ ላይ የወጣው እግር ግን የማን ነው?

— ቆንጆ ስለሆነች ነዋ።

— ቆንጆ ሞልቷል። «እኔን ጥቁሯን ማን ይመርጠኛል?» ብላ የቀረችውን ቆንጆ ስሟን ንገረኝ እስቲ።

ከዘውዱ በኋላ ያደረገችውን ግን ከዘውዱ ይልቅ እወድላታለሁ። በዚያ ስም ለናታንያ ልጆች የትምህርት ማበልጸጊያ ፕሮግራም ጀመረች። የነበረባትን ችግር ለሌላው ልጅ የራሷ ሥራ አድርጋ ያዘችው።

አሁን ደግሞ እኔ የምሰማበት ተራ ነው። አንዲት እናት፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ «አንተ ልጅ፣ ብዙ አወራህ። እኔም ተነሣሁ፣ እኔም ወሰንኩ፣ እኔም የማላውቀውን መንገድ ገባሁ። ልጄን ሱዳን፣ ኡም ራኩባ ካምፕ ቀበርኩ። ያንተ ኃላፊነት ለእኔ ምን ከፈለኝ?» ቢሉኝስ?

እማማ፣ ለእርስዎ ተረብ የለኝም። በዚያ መንገድና በዚያ ካምፕ 4,000 የሚያህሉ ሰዎች ቀርተዋል። እነሱ ሰነፍ ስለሆኑ አልቀሩም፤ ከተረፉት ያነሰ ድፍረትም አልነበራቸውም። ስለዚህ «ሁሉም በእጅህ ነው፣ ከፈለግህ ሁሉን ታደርጋለህ» እያለ በአዳራሽ የሚሰብክ ሰው ሲመጣ እኔ አላጨበጭብም። በእጃችን ያለው መነሣቱ ነው፤ መድረሱን ማንም በእጁ አልያዘም። ኢየሩሳሌም ሄርጽል ተራራ ላይ ለእነዚያ ሰዎች የቆመው መታሰቢያ ያልደረሱትን ነው የሚያከብረው። እኛም እናከብራቸዋለን። ባይደርሱም ጉዞው የእነሱ ነበር፤ ሌላ ሰው ጎትቶ ያመጣቸው አልነበሩም። ወጣቱን በዚህ ድምፅ የምቆጣው ለዚህ ነው፣ እማማ። እርስዎ ያን ሁሉ የከፈሉበትን መንገድ እሱ በር ላይ ተቀምጦ እንዳያባክነው ነው።

«እግዚአብሔር ያውቃል» የምትለውን አልነካብህም። እነ እማማም እግዚአብሔር ያውቃል ብለዋል። እየተራመዱ ነው ያሉት።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብሎ የጨመረልኝም አለ። የዘገየችስ ምን ለቀመች? ሌላው ለቅሞ ሄደ። ደግሞ የፈሰሰ ነገር መልቀም ነውር የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? በስድስት ወር የተውከውን ኮርስ ከሦስት ዓመት በኋላ መመለስ ይቻላል። ባሕሪው እንደዚህ ነው ብሎ የሚስቅብህ ይስቅ፤ ስትመረቅ ደግሞ ይምጣና ያጨብጭብ። በተበተነው ላይ ጎንበስ ብሎ መልቀም የሚችል ሰው ነው በሚቀጥለው ጊዜ ዕቃውን አጥብቆ የሚይዝ።

ወንድሜ አሁን ሊሸሸኝ ፈለገ። ባለ ወረቀቱ ማለቴ ነው።

— እሺ፣ እመዘገባለሁ፤ ከበዓላቱ በኋላ።

— ከየትኞቹ በዓላት?

— ከፋሲካ በኋላ።

— ከፋሲካ በኋላ ሻቩዖት አለ።

— ከሻቩዖት በኋላ።

— ከሻቩዖት በኋላ ሙቀቱ አለ፤ በሙቀት ማን ይማራል ትለኛለህ። ከሙቀቱ በኋላ ሮሽ ሐሻና ነው፣ ኪፑር ነው፣ ሱኮት ነው። ከሱኮት በኋላ ሲግድ ነው፤ ለሲግድ ኢየሩሳሌም ትወጣለህ። ከሲግድ በኋላ ሐኑካ ነው፣ ከዚያ ዝናቡ፣ ከዚያ ፑሪም፤ ከዚያ ፋሲካ ተመልሶ መጣ።

— ታዲያ መቼ ልሂድ?

— ቢሮው አሁን ክፍት ነው?

— ክፍት ነው።

— ወረቀቱ የት አለ?

— ኪሴ ውስጥ።

— የቡናውን እኔ እከፍላለሁ፤ ሂድ!